«ፊቴን ያበራው ቅባት አልለቅሽ አለኝ»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የምኖረው በባሕር ዳር ሲሆን መተዳደሪያዬ በጣና ዳር ጀበና ቡና አፍልቶ መሸጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ፣ የከሰል ምድጃውን ከፊቴ አድርጌ እውላለሁ።

ልጄን እርጉዝ ሳለሁ በሁለቱ ጉንጮቼና በግንባሬ ላይ ቡናማ ማድያት ወጣብኝ። ስትወልጂ ይጠፋል ብለውኝ ነበር፤ ልጄ ሦስት ዓመት ሞላው፣ ማድያቱ ግን ከመጥፋት ይልቅ ከላይኛው ከንፈሬ በላይም ጨመረ። አማቴ «ጉበትሽ ተጎድቶ ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቀን የሠርጋችንን አልበም እያገላበጠ «ይቺ ልጅ የት ሄደች?» ብሎ ሳቀ። እሱ የተናገረውን ረስቶታል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ከስምንት ወር በፊት አንዲት ጓደኛዬ እሷ ከመዋቢያ ዕቃ ሱቅ የምትገዛውን ቅባት ሰጠችኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ማድያቱ ደበዘዘ፣ ፊቴ አበራ፤ ደንበኞቼ ሳይቀሩ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይሉኝ ጀመር። አሁን ግን አንድ ማታ ሳልቀባ ካደርኩ ጠዋት ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ብጉር ያወጣል። ጉንጬ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ፀጉርም አብቅያለሁ። ማድያቱም እየተቀባሁ ተመልሶ ብቅ ብሏል። በቱቦው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን የጎረቤቴ ልጅ ስታነብልኝ «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» ይላል። ከዚህ ሌላ የምወስደው መድኃኒት በየቀኑ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ግን ሁለተኛ ልጅ እንድንወልድ ይፈልጋል።

ከሁሉ የከበደኝ የራሴ ነገር አይደለም። ታናሽ እህቴ 24 ዓመቷ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች፤ ሰባት ሳምንት ቀርቷታል። ብጉር ትቶባት የሄደው ጥቁር ነጠብጣብ ስለሚያሳስባት፣ የእኔን ፊት አይታ ስትለምነኝ አንድ ቱቦ ገዝቼ ሰጠኋት። ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ፊቷ እንደ መስተዋት ሆኗል፣ ደስታዋም ወሰን የለውም። አሁን አቁሚ ብያት በሠርጓ ቀን ፊቷ ቢበላሽስ? ዝም ብላት ደግሞ እንደ እኔ ብትሆንስ? እኔስ ብሆን እስከ ሠርጉ ልቀጥልና ከዚያ ላቁም ወይስ ዛሬውኑ አውጥቼ ልጣለው? ለባለቤቴም ለእህቴም እስካሁን ምንም አልተናገርኩም።

ቡና አፍሊዋ፣ ከጣና ዳር

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ በቱቦው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አስነብበሽ ስለጻፍሽልኝ በቅድሚያ አመሰግንሻለሁ። ብዙዎች ስለ ቅባት ሲጠይቁኝ የሚነግሩኝ የቱቦውን ቀለምና በላዩ ያለችውን ሴት መልክ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ምንም ማወቅ አይቻልም። አንቺ የላክሽው አንድ ስም ግን የጥያቄሽን ግማሽ ፈትቶታል።

ክሎቤታሶል የመዋቢያ ቅባት አይደለም። ስቴሮይድ ተብለው ከሚጠሩት የቆዳ መድኃኒቶች መካከል በኃይሉ ከመጨረሻው እርከን የሚመደብ ሲሆን፣ ሐኪም የሚያዘው ለከባድ የቆዳ መቆጣት፣ አብዛኛውን ጊዜም እንደ እጅ መዳፍና እንደ ክርን ላሉ ወፍራም ቦታዎች ነው፤ ያውም በተከታታይ ከ2 ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ። ለፊት አይመከርም፤ የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን አብዝቶ ይመጥጣልና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊትሽ ያበራው የደም ሥሮችን ስለሚያጠብና የቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ስለሚያደክም ነው። ወራት ሲቆጠሩ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገለጣሉ፤ ብጉርና ፀጉር ይመጣል፤ በመጨረሻም ቆዳው መድኃኒቱን ይለምድና አንድ ሌሊት ሲያጣው ይቆጣል። የዘረዘርሽልኝ ሁሉ አንድ በአንድ የዚህ ምልክት ነው።

ለብዙ ዓመታት በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆሜ ሠርቻለሁ። እስከ አፉ ድረስ የተጠቀለለ፣ ሳንቲም በሚያህል ጠብታ የተጨመቀ ባዶ ቱቦ በመሐረብ ይዘው «ይኼንኑ ስጡኝ» የሚሉ ሴቶችን አውቃቸዋለሁ። ከመካከላቸው ሞኝ የምላት አንዲት እንኳ አልነበረችም። በአሥር ቀን ውስጥ ውጤት ያየ ሰው ያየውን ማመኑ አያስገርምም፤ አንቺም ያመንሽው ዓይንሽን ነው። ስለዚህ ለእህትሽ የሰጠሻት ጊዜ የምታውቂውን ደግ ነገር አካፈልሻት እንጂ ክፉ አላሰብሽባትም፤ ከዚህ ነጥብ እንነሣ።

አሁን ፊትሽ ላይ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ለያይተሽ እንድታያቸው እወዳለሁ። አንደኛው ከእርግዝናሽ ጀምሮ ያለው ማድያት ነው። ሁለተኛው ቅባቱ ያመጣው ጉዳት ነው። መጀመሪያ መታከም ያለበት ሁለተኛው ነው። ቆዳሽ ተቆጥቶ ባለበት ሰዓት የማድያት መድኃኒት ቢቀባበት የባሰ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ጠይም ቆዳ ደግሞ ሲድን ጠቁሮ ይድናልና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

«እስከ ሠርጉ ልቀጥል ወይስ ዛሬውኑ ልጣለው?» ላልሽው፣ ሁለቱንም አልመክርሽም። ስምንት ወር የተቀባሽውን በአንድ ሌሊት ብቻሽን ብታቆሚው፣ በቀናት ውስጥ ፊትሽ ክፉኛ ሊቀላ፣ ሊያብጥና በብጉር ሊሞላ ይችላል፤ ብዙ ሰው ወደ ቱቦው የሚመለሰውም በዚያች ሳምንት ነው፤ «ሳቆመው ነው የባሰብኝ፣ እንግዲያው ቅባቱ ይሻለኛል» ይላል። እስከ ሠርጉ ብትቀጥዪ ደግሞ ስምንቱ ወር ወደ አሥር ይጠጋል፤ የደም ሥሮቹ ይበዛሉ፤ ማቆሙም ይከብዳል። ሦስተኛው መንገድ በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው። ሐኪሙ እንደ ቆዳሽ ሁኔታ ወይ ደካማ በሆነ ስቴሮይድ ተክቶ በየሳምንቱ እየቀነሰ ያስተውሻል፣ ወይ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ሰጥቶ ባንዴ ያስቆምሻል። እስከዚያው ባለሽበት ቆይ፤ መጠኑን አትጨምሪ፣ አዲስ ነገርም አትሞክሪ። ፊትሽን ለብ ባለ ውኃ ብቻ ታጠቢ፤ ሲያቃጥልሽ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል አኑሪበት፤ ከዚያም ሽታ የሌለውን ተራ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ተቀቢ።

የማይሆነውን ተስፋ አልሰጥሽም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ሙሉ ማገገም ወራት ይወስዳል። ፀጉሩና ብጉሩ በአብዛኛው ይጠፋሉ፤ ከደም ሥሮቹ ግን አንዳንዶቹ ሊቀሩ ይችላሉ። ዛሬ ከጀመርሽ በሰባተኛው ሳምንት፣ በሠርጉ ቀን፣ ከክፉው ጊዜ ያለፍሽ መሆንሽ አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ፊትሽ ግን ያኔም ፍጹም ላይሆን ይችላል። ለሠርጉ ቀን ስለምትቀቢው ሜካፕ ሐኪምሽን አስቀድመሽ ጠይቂው፤ በዚያን ጊዜ ቆዳሽ ከፈቀደ ለአንድ ቀን መሸፈን አይከለከልም።

ወደ እህትሽ ልመለስ፤ ደብዳቤሽን ያስጻፈሽ እሷ ናትና። የእሷ ሁኔታ ከአንቺ በብዙ ይለያል። ሦስት ሳምንት ከተፈቀደው ጊዜ ቢያልፍም፣ ቆዳው ገና ሙሉ በሙሉ አልለመደም። ዛሬ ብታቆም ምናልባት ጥቂት ቀን ይቀላት፣ ጥቂት ብጉር ያወጣባት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚያርፍበት ከአንድ ወር በላይ ጊዜ አላት። እስከ ሠርጓ ዋዜማ ብትቀባ ግን አሥር ሳምንት ይሞላታል፤ ፊቷ የሚቆጣው በሠርጉ ሳምንት ወይም በጫጉላው ሊሆን ነው፤ ወይም ደግሞ እንዳይቆጣ ስትል ከሠርጉ በኋላም ሳታቆም ትቀጥልና አንቺ አሁን ካለሽበት ቦታ ላይ ትደርሳለች። እንግዲህ «አቁሚ ብያት በሠርጓ ቀን ፊቷ ቢበላሽስ?» የሚለው ፍርሃትሽ የሚያመለክተው ዝም እንድትዪ ሳይሆን ሳትዘገዪ እንድትነግሪያት ነው።

እህትሽ ልታውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የእሷ ችግር ማድያት አይደለም፤ ብጉር ሲድን ትቶት የሚሄደው ጥቁረት ነው። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያፈስሳል፤ ብጉሩ ከጠፋ በኋላም ጥቁረቱ ለወራት ይቆያል፤ ብጉሩ እንዳይመለስ ከተደረገና ካልተነካካ ግን አብዛኛው በራሱ ይደበዝዛል። ክሎቤታሶል ደግሞ ራሱ ብጉር ያመጣል። አሁን የደበዘዘውን ነጠብጣብ ነገ በአዲስ ብጉርና በአዲስ ነጠብጣብ ይመልስላታል ማለት ነው። ከአንቺ ጋር ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ብጉሩን የሚያክም፣ ለምሳሌ አዜላይክ አሲድ ያለበት ቅባት ሊታዘዝላት ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ብጉሩንም ጥቁረቱንም አብሮ የሚረዳ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ከሠርጉ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ፊቷ ከዚያ በፊት የማያውቀውን ቅባት እንዳትሞክር፣ በውበት ሳሎንም ፊት የሚልጥ ነገር እንዳታስደርግ። ለሙሽራ የሚዘጋጅ ፊት ከመላጥ ይልቅ ዕረፍት ይበጀዋል።

እንዴት ትነግሪያታለሽ? ስለ መድኃኒቱ ስም ከመጀመር ይልቅ ፊትሽን ብታሳዪያት ይሻላል። አንድ ጠዋት፣ ሳትሸፋፈኚ፣ ቡናውን አቅርበሽ፣ «ይኼን ተመልከቺ፤ ቅባቱን በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት እኔም እንዳንቺ አብርቼ ነበር። ስሰጥሽ አላወቅኩም ነበር፤ አሁን አወቅኩ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ አብረን እንሂድ» በያት። ልታኮርፍሽ ትችላለች። የሙሽራ ልብ በእነዚህ ሳምንታት እንደ ጤፍ ቅጠል በነፋስ ትንሽ ነገር ያወዛውዘዋል፤ ስታኮርፍ አትከራከሪያት፤ ቀጠሮውን ብቻ ያዢላት። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ እሷ በአንቺ ቦታ፣ አንቺም በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ መቼ እንድትነግርሽ ትፈልጊ ነበር?

አሁን ደግሞ ወደ ማድያቱ። አማትሽ በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ይህ አባባል በብዙ ቤት አለ፤ ነገር ግን ማድያት የጉበት በሽታ ምልክት አይደለም። የጉበት ሕመም ሲጠና የሚያሳየው የዓይን ቢጫነትን፣ የሽንት መጥቆርን፣ የሆድ መነፋትን ነው። ማድያት የሚመጣው በቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ከልክ በላይ ሲነቃቁ ነው። እነሱን የሚያነቃቁት ደግሞ በዋናነት የሴት ሆርሞኖች፣ ብርሃን፣ ሙቀትና የዘር ውርስ ናቸው። አንቺን ልብ ብዬ ስመለከትሽ አራቱም ሳይሰባሰቡብሽ አልቀረም፦ እርግዝናው አስጀመረው፤ ሆርሞን ያለበት እንክብል አቆየው፤ ሐይቁና ከሰሉ በየቀኑ ቀሰቀሱት። እናትሽ ወይም አክስትሽ በእርግዝና ጊዜ ማድያት ወጥቶባቸው እንደሆነ ጠይቂ፤ መልሱን ሳልገምት አልቀርም።

ስለ እንክብሉ፦ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለባቸው የወሊድ መከላከያዎች ማድያትን እንደሚያባብሱ የታወቀ ነው። ይህን ስልሽ ግን ዛሬ ማታ አትዋጪ ማለቴ አይደለም፤ ሳትዘጋጂ እርጉዝ ብትሆኚ ማድያቱ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። የእንክብሉን ማሸጊያ ይዘሽ ወደምትወስጂበት ጤና ጣቢያ ሂጂና ኢስትሮጅን ይኑርበት አይኑርበት ጠይቂ፤ ካለበትም ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ጨምሮ ሌላ አማራጭ እንዲያሳዩሽ ንገሪያቸው። ከባለቤትሽ ጋር ሁለተኛውን ልጅ መቼ እንደምትፈልጉ መነጋገርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለማድያት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ገሚሶቹ ለእርጉዝ ሴት አይሰጡም።

ብርሃኑ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ሥራሽ ከብርሃን ጋር ነውና። ባሕር ዳር ቆላ ሳይሆን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ። በዚያ ላይ በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከባሕር ዳር አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የእህትሽ ሠርግም እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው። «እኔ እኮ ጃንጥላ ሥር ነው የምቀመጠው» ትዪኝ ይሆናል። ጃንጥላው በቀጥታ የሚመጣውን ይከለክላል፤ ቆዳን የሚያጠቁረው ጨረር ግን ከፊሉ በሰማይ ውስጥ ተበትኖ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሲሆን፣ ከሐይቁም የተወሰነው ተንጸባርቆ ይደርስሻል። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ደግሞ ዓይናችን የሚያየው ተራ ብርሃን ራሱ ማድያትን ያጠቁራል። ደመና ያለ ቀንም ከዚህ አያድንም።

ስለዚህ ረከቦትሽን አዙሪው። አሁን ፊትሽ ወደ ውኃው ነው፤ ጀርባሽን ወደ ሐይቁ፣ ፊትሽን ወደ ዛፉ ወይም ወደ ግድግዳው አድርገሽ ተቀመጪ። ደንበኞችሽ በትከሻሽ ላይ አሻግረው ሐይቁን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፉም። ምድጃውንም ከጉልበትሽ ፊት አንሥተሽ በክንድሽ ርዝመት ወደ ጎን አርቂው፤ ሲያራግቡት የሚነሣው ወላፈን ጉንጭሽን እንዳያገኘው። ቡናውን መቁላት ደግሞ ከተቻለ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሺው። ሰው የቡናውን ጭስ ፈልጎ ነው የሚመጣው ካልሽኝም እረዳሻለሁ፤ እንግዲያው ፊትሽን ከምጣዱ በላይ አታቅርቢ፣ ወይም አጋዥ ልጅ ካለችሽ እሷ ትቁላው፤ ገና ማድያት የሌለባት ከሆነች ግን እሷንም አደራ። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ከነጠላ ይሻላል፤ ሳሳ ያለ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል። ሰዓት ማየት ሳያስፈልግሽ በጥላሽ መለካት ትችያለሽ፦ መሬት ላይ የሚታየው ጥላሽ ከቁመትሽ ሲያጥር ጨረሩ የበረታበት ሰዓት ነው፤ ይህም በግምት ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ርካሽ አይደለም፤ ከቡና ትርፍ ላይ ማውጣቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይሁንና ስምንት ወር ለዚያ ቱቦ ያወጣሽውን ብትደምሪ ወደዚህ ለማዞር የሚበቃ ይመስለኛል። ስትገዢ SPF ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ከተገኘም የቆዳ ቀለም ያለውን ምረጪ፤ ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ የተባለው ነገር ተራውን ብርሃንም ይከላከላል፣ ማድያቱንም ይሸፍንልሻል። መጠኑ ሌባ ጣትሽና መካከለኛ ጣትሽ ላይ ከጫፍ እስከ ሥር በተሰመሩ ሁለት መስመሮች ልክ ነው፤ ለፊትና ለአንገት። በየሁለት ሰዓቱ መታደስ አለበት፤ ይህ ካልተቻለ ግን ባርኔጣውና የረከቦቱ አቅጣጫ ቢያንስ አይቅሩ።

የማድያቱን መድኃኒት በተመለከተ፣ ቆዳሽ ካረፈ በኋላ ሐኪሙ ምን ሊያስብ እንደሚችል ብታውቂ ለመጠየቅ ይረዳሻል። ልጅ ለመውለድ ካሰባችሁ ቀድሞ የሚመጣው አዜላይክ አሲድ ነው፤ ቀስ ብሎ ቢሠራም ለእርጉዝ ሴት ጭምር ይሰጣል። ሃይድሮኪኖን ይበልጥ ኃይለኛ ነው፤ ሐኪሞች እስከ 4 በመቶ የሆነውን ለተወሰኑ ወራት ያዙና ያሳርፉታል። እሱን ያለ ልክ ለዓመታት የተቀባ ሰው ቆዳው ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ ጥቁረት ይይዘዋል፤ ያ ደግሞ ከማድያት ይልቅ ለማዳን ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1975 ክሊግማንና ዊሊስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃይድሮኪኖንን፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነውን ትሬቲኖይንንና ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድን በአንድ ላይ ቀላቅለው ያቀረቡት ቅባት ዛሬም በተሻሻለ መልኩ ይሠራበታል። እንደምታዪው በእሱም ውስጥ ስቴሮይድ አለ። ልዩነቱ ኃይሉ ከአንቺው ያነሰ መሆኑና በሐኪም ዓይን ሥር ለሳምንታት ብቻ መሰጠቱ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒትም አለ፤ የደም መርጋት ሥጋት ስላለው ኢስትሮጅን ካለበት እንክብል ጋር አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ ለሐኪሙ የእንክብሉን ነገር ሳትደብቂ ንገሪው። የትኛውም ቢሆን ለውጥ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው። በአሥር ቀን የሚያበራ ነገር ሲያጋጥምሽ ከእንግዲህ ተጠራጠሪ። ማድያት እስከ ወዲያኛው ይጠፋል ብዬም ቃል አልገባልሽም፤ ይደበዝዛል፣ ከብርሃን መጠንቀቁን ከተውሽ ደግሞ ይመለሳል።

ሎሚ የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ለብጉሬ ሎሚ ጨምቄ ተቀብቼ ገበያ ወጣሁ፤ በማግሥቱ የጠብታዎቹን መንገድ ተከትሎ ፊቴ በቀይ መስመር ተቃጠለ፤ መስመሩም ጠቁሮ ለወራት ከእኔ ጋር ኖረ። ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ። ሜርኩሪ ያለባቸው የሚያቀሉ ሳሙናዎችና ቅባቶች ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ በውስጡ ያለው ነገር በግልጽ ያልተጻፈበትን ማናቸውንም ቅባት ወደ ፊትሽ አታቅርቢ። ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞን፣ ዴክሳሜታዞን የሚሉ ስሞችም የክሎቤታሶል ወገኖች መሆናቸውን ለጎረቤትሽ ልጅ ንገሪያት፤ ጥሩ አንባቢ አግኝተሻል።

ስለ ባለቤትሽ ጥቂት ልበል። የአልበሙን ቃል ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸክመሽዋል። እሱ ሳያውቅ በአንድ ሳቅ ያስጀመረውን ነገር አሁን የሚያቆመው አጥቶ እየተቃጠለ መሆኑን ቢያውቅ የሚያፌዝብሽ ይመስልሻል? በሚቀጥሉት ሳምንታት ፊትሽ ሲቀላና ሲያሳክክ በአንድ ቤት ውስጥ ልትደብቂው አትችዪም፤ ያን ጊዜ ከሚጠይቅሽ ዛሬ ብትነግሪው ይቀልሻል። «ያን ቀን ያልከው ከብዶኝ ነበር» ማለት ክስ አይደለም። የሕክምናውን ወጪና የሁለተኛውን ልጅ ጊዜም አብራችሁ ታስቡበታላችሁ።

በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች አሉ፤ የቆዳ ሐኪም የሚገኝበትን ቀን አስቀድመሽ አስጠይቂ፤ እስከዚያው በአቅራቢያሽ ያለው ጤና ጣቢያ ማየትና መላክ ይችላል። ፊትሽ ድንገት ቢያብጥ፣ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። አንድ ብቻውን ያለ ጥቁር ነጥብ እያደገ፣ ቅርጹን እየቀየረ ወይም እየደማ ከሆነ፣ ወይም ሲነኩት የማይሰማ የደበዘዘ ቦታ ካለሽ፣ ያም ማድያት አይደለምና ለብቻው አሳይው።

በዕለቱ ፊትሽን በሜካፕ አትሸፍኚ። ሁለታችሁም ቱቦዎቻችሁን፣ የአንቺን እንክብልና ከቅባቱ በፊት የተነሣሽውን አንድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሠርግሽ አልበም ለዚህ ይጠቅማል። የጀመርሽበትን ወር፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትቀቢና ከፊትሽ ሌላ የት የት እንደተቀባሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ይህ ሁሉ ይጠፋብናል። ቱቦውን ደግሞ ሐኪሙ ሳያየው እንዳትጥዪው።